ማን ከማን ጋር ያውራ? በክላውድ ላይ የሰርቨር ሰብኔቶችን መለያየት

ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው። ሰብኔት (የአንድ ኔትወርክ ንዑስ ክፍል) ስለከፈላችሁ ብቻ ሰርቨሮቻችሁ አልተለያዩም። በአማዞን ክላውድ፣ በኤደብሊውኤስ ማለቴ ነው፣ አንድ ቪፒሲ (የራሳችሁ ዝግ ኔትወርክ) ስትከፍቱ በራውት ቴብሉ (መንገድ በሚያሳየው ሰንጠረዥ) ውስጥ «ሎካል» የምትል መስመር አብራ ትፈጠራለች። በዚች መስመር ምክንያት በቪፒሲው ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰብኔት ወደ ማንኛውም ሰብኔት መንገድ አለው። ልሰርዛት ብትሉ አትሰረዝም። አንዱን «ፐብሊክ»፣ ሌላውን «ፕራይቬት»፣ ሦስተኛውን «ዳታቤዝ» ብላችሁ ብትጠሩት ስሙ ለእናንተ ነው እንጂ ፓኬት (በኔትወርክ የሚጓዘው የዳታ ቁራጭ) ስም አያነብም። «ፕራይቬት» ማለት ከኢንተርኔት ቀጥታ መንገድ የለውም ማለት ብቻ ነው። ጎረቤቱ ከሆነው ሰብኔት ግን ሰተት ብሎ የሚገባበት መንገድ አለ።

እዚህ ድሬዳዋ ውስጥ ሶፍትዌር ከምንሠራው ሰዎች ብዙዎቻችን የምንሠራው ተመሳሳይ ነው። ለጅምላ ነጋዴ የስቶክና የደረሰኝ ሲስተም፣ ለፋርማሲ የመድኃኒት መዝገብ፣ ለጭነት ድርጅት የመኪና ክትትል። ሰርቨሩ ኬፕታውን ወይ ፍራንክፈርት ይቀመጣል፣ ተጠቃሚው እዚሁ ድሬ ታይዋን ወይ ቀፊራ ገበያ ሱቁ ውስጥ ስልኩን ይዞ ይጠቀማል። ሦስትና አራት ሰው ያለው ቡድን ነው፤ የኔትወርክ ባለሙያ ተብሎ የተቀጠረ ሰው የለም። ይሄን የምጽፈው ለእንደዚህ ዓይነት ቡድን ነው። ምሳሌዬም እንደዚያው ይሁን፦ ከፊት ሎድ ባላንሰር (የሚመጣውን ጥያቄ ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍል)፣ መሀል ላይ አፕሊኬሽኑ ያለባቸው ሰርቨሮች፣ ከኋላ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ።

ኮንሶሉን ከመክፈታችሁ በፊት

ወረቀት አምጡ። አቦ እውነቴን ነው፣ ወረቀት። ኮንሶሉ (የክላውዱ ማስተዳደሪያ ገጽ) ላይ ሩል (የፈቃድ ደንብ) እየጨመሩ እያወጡ የሚፈልጉትን ለማወቅ መሞከር መጨረሻው «ሁሉንም ክፈተውና ይሥራ» ነው።

ወረቀቱ ላይ የምትጽፉት ማን ወደ ማን፣ በየትኛው ፖርት (አገልግሎቱ በሚቀበልበት የበር ቁጥር)፣ ለምን የሚለውን ነው። ለእኛ ምሳሌ እንዲህ ይወጣል። ከኢንተርኔት ወደ ሎድ ባላንሰር በ443 (የተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ)፤ 80ም (ያልተመሰጠረው ኤችቲቲፒ) ይከፈታል፣ ግን ሰውን ወደ 443 ለመመለስ ብቻ። ከሎድ ባላንሰር ወደ አፕ በ8080፣ ሰርቨሩ መሥራቱን የሚያየው የጤና ምርመራም በዚያው ይሄዳል። ከአፕ ወደ ዳታቤዝ በ5432። ከአፕ ወደ ውጭ በ443፣ ምክንያቱም ኤስኤምኤስ የሚልከው አገልግሎት ውጭ ስላለ። ከዳታቤዝ ወደ ማንም፦ ምንም።

የመጨረሻዋን መስመር ብዙ ሰው አይጽፋትም። ዳታቤዝ በራሱ ተነስቶ ወደ ኢንተርኔት ሊደውል የሚገባበት ምክንያት በአብዛኛው የለም። አንድ ሰው ሰብሮ ቢገባ መረጃውን የሚያወጣው ግን በዚያ በኩል ነው። «ለምን» የሚለውን ዓምድም አትዝለሉት። ምክንያቱን መጻፍ ያቃታችሁ መስመር ካለ አይከፈትም።

አድራሻ አሰጣጥ

እዚህ ላይ ትንሽ ማሰብ በኋላ ብዙ ሩል ያስቀራል። ቪፒሲውን 10.20.0.0/16 እንበለው። ከ/ በኋላ ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ክልሉ ይሰፋል። በኤደብሊውኤስ ከ/16 የሚበልጥ ብሎክም ከ/28 የሚያንስ ሰብኔትም አይፈቀድም። ከየሰብኔቱ አምስት አድራሻ ደግሞ አማዞን ለራሱ ይወስዳል፣ የመጀመሪያዎቹን አራትና የመጨረሻውን። ስለዚህ /24 ሰብኔት የሚሰጣችሁ 251 ነው።

አሁን ለየንብርብሩ አንድ አንድ ሰፊ ክልል ስጡ። ፐብሊኩ 10.20.0.0/20፣ አፑ 10.20.16.0/20፣ ዳታቤዙ 10.20.32.0/20። ትክክለኛዎቹን ሰብኔቶች በየክልሉ ውስጥ በ/24 ቁረጡ። ለምሳሌ ለአፕ 10.20.16.0/24 በአንዱ ዞን (ራሱን የቻለ የዳታ ማዕከል ስፍራ)፣ 10.20.17.0/24 በሌላው ዞን። አፕሊኬሽን ሎድ ባላንሰር ቢያንስ ሁለት ዞን ስለሚጠይቅ ጥንድ ጥንድ ማድረጉ አይቀርላችሁም። ጥቅሙ ምንድነው? «ከአፕ ንብርብር» ማለት ስትፈልጉ 10.20.16.0/20 ብላችሁ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ። ነገ ሦስተኛ ሰብኔት ቢጨመርም ያቺ መስመር አትነካም።

አንድ ነገር ልጨምር። የቢሮው ራውተር 192.168.1.0/24 ከሆነ ቪፒሲው ላይ እሱን አትድገሙት። አንድ ቀን ቪፒኤን (ቢሮውን ከክላውዱ የሚያገናኝ ዝግ መስመር) ልትዘረጉ ትችላላችሁ፤ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት አድራሻ ካለው ራስ ምታት ነው። ዶከርም (አፕን በኮንቴይነር የሚያሠራው ሶፍትዌር) ካልተነገረው 172.17.0.0/16ን ይወስዳል፣ ከዚያም ራቁ።

ሴኩሪቲ ግሩፕ፦ ሥራው ያለው እዚህ ነው

ኤደብሊውኤስ ሁለት ማጣሪያ ይሰጣችኋል። አንዱ ሴኩሪቲ ግሩፕ ነው፣ በየሰርቨሩ የኔትወርክ ካርድ ላይ ይለጠፋል። ሌላው ኔትወርክ ኤሲኤል ነው፣ በሰብኔቱ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ልዩነታቸውን በግቢ ዘበኛ አስቡት። ሴኩሪቲ ግሩፕ ያስገባውን ሰው መልክ ያስታውሳል፣ ሲወጣ አይጠይቀውም። ኤሲኤል ግን ሲገባም «ፈቃድ» ይላል፣ ሲወጣም «ፈቃድ» ይላል፣ ቅድም ያስገባውን አያውቀውም። በቋንቋቸው የመጀመሪያው ስቴትፉል፣ ሁለተኛው ስቴትለስ ይባላል። ኤሲኤል የነካ ሰው የሚሰቃየው ባብዛኛው በዚህ ነው። ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ትንሽ ቡድን ከሆናችሁ ዘጠና በመቶ ሥራችሁን በሴኩሪቲ ግሩፕ ጨርሱ። ኤሲኤልን ለዳታቤዙ ሰብኔት ብቻ እንደ ሁለተኛ ቁልፍ አድርጉት።

ሦስት ግሩፕ ፍጠሩ፦ የሎድ ባላንሰር ግሩፕ፣ የአፕ ግሩፕ፣ የዳታቤዝ ግሩፕ። መጀመሪያ ሦስቱንም ባዶአቸውን ፍጠሯቸው። ለምን ቢባል ሩሎቹ እርስ በእርስ ስለሚጠራሩ ነው። የሎድ ባላንሰሩ መውጫ የአፑን ግሩፕ ይጠራል፣ የአፑ መግቢያ ደግሞ የሎድ ባላንሰሩን። ቴራፎርም (ክላውዱን በኮድ የሚያዘጋጅ መሣሪያ) የምትጠቀሙም ብትሆኑ ሩሎቹን ከግሩፑ ለይታችሁ ለብቻቸው ጻፏቸው፣ አለበለዚያ «ክብ ሠራችሁ» ብሎ እምቢ ይላል።

ከዚያ ሩሎቹን ከወረቀቱ ላይ እያያችሁ አስገቡ፦

የሎድ ባላንሰር ግሩፕ፦ መግቢያ 443 እና 80 ከ0.0.0.0/0 (ከማንኛውም አድራሻ)። መውጫ 8080 ወደ አፕ ግሩፕ።
የአፕ ግሩፕ፦ መግቢያ 8080 ከሎድ ባላንሰር ግሩፕ። መውጫ 5432 ወደ ዳታቤዝ ግሩፕ፣ 443 ወደ 0.0.0.0/0።
የዳታቤዝ ግሩፕ፦ መግቢያ 5432 ከአፕ ግሩፕ። መውጫ ባዶ።

ልብ በሉ፣ ከ«ኢንተርኔት» በስተቀር አንድም ቦታ የአይፒ አድራሻ አልጻፍንም። ምንጩ ሌላ ግሩፕ ነው። አፑ ወደ አምስት ሰርቨር ቢያድግ፣ አንዱ ሞቶ በሌላ አድራሻ ቢነሳ፣ ግሩፑ ከተለጠፈበት ይገባል፣ ካልተለጠፈበት አይገባም። ሴኩሪቲ ግሩፕ ውስጥ «ከልክል» የሚባል ሩል የለም። የሚፈቀደውን ብቻ ትጽፋላችሁ፣ የቀረው በሙሉ ዝግ ነው።

እዚህ ጋ ሰው ግራ የሚያጋቡ ነገሮች አሉ።

አዲስ ግሩፕ ስትፈጥሩ መግቢያው ባዶ ነው፣ መውጫው ግን ሁሉንም ይፈቅዳል። «መውጫ ባዶ» ያልኩትን የምታገኙት ያቺን መስመር በእጃችሁ ስትሰርዟት ነው። የአፑን መውጫ ስታጠብቡ ደግሞ ኡቡንቱ ከሆነ ሰርቨሩ አፕዴት እምቢ ሊላችሁ ይችላል፤ የኡቡንቱ የፓኬጅ ማከማቻ ሲመጣ የተቀመጠው በ80 ላይ ነው፣ እኛ የከፈትነው 443ን ብቻ። ወይ 80ን ጨምሩ፣ ወይ ኤችቲቲፒኤስ ወደሚደግፍ ሌላ የማከማቻ ቅጂ ቀይሩት። ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው) ግን አያስጨንቃችሁ። የቪፒሲው የራሱ ሪዞልቨር በሴኩሪቲ ግሩፕ አይጣራም።

ሌላው፣ ግሩፕን እንደ ምንጭ መጥራት የሚሠራው በፕራይቬት አድራሻ ሲነጋገሩ ብቻ ነው። አፑ ዳታቤዙን በፐብሊክ አይፒው እየጠራው ከሆነ ትራፊኩ ወጥቶ ነው የሚመለሰው፣ ግሩፑ አያውቀውም፣ ታይምአውት (መልስ ሳይመጣ ጊዜው ማለቅ) ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው የሚያደርገው 5432ን ለ0.0.0.0/0 መክፈት ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ሎጉን አሳይቶኝ ያውቃል፤ ገጽ ሙሉ «የይለፍ ቃል ስህተት»፣ ከማያውቁት አገር ሁሉ፣ ሌሊትም ቀንም። ነገሩን ያስተዋሉት ዲስኩ በሎግ ሲሞላ ነው። መፍትሔው ፖርት መክፈት አልነበረም፤ አፑ የሚጠራውን አድራሻ ወደ ፕራይቬቱ መቀየር ብቻ ነበር።

«ዲፎልት» የሚባለውን ግሩፕ ደግሞ ለሥራ አትጠቀሙበት። የተለጠፈባቸው ሁሉ በሁሉም ፖርት እርስ በእርስ እንዲያወሩ ነው ተፈቅዶ የሚመጣው። ሦስቱም ንብርብር ላይ እሱ ከተለጠፈ እስካሁን የሠራነው ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

ኤሲኤል በዳታቤዙ ሰብኔት ላይ

አንድ ሰብኔት በአንድ ጊዜ አንድ ኤሲኤል ብቻ ነው ያለው። አብሮ የሚመጣው ኤሲኤል ሁሉንም ይፈቅዳል፣ እናንተ አዲስ የምትፈጥሩት ደግሞ ሩል እስኪገባበት ድረስ ሁሉንም ይከለክላል። ስለዚህ አዲስ ፈጥራችሁ ወዲያው ሰብኔት ላይ አትለጥፉ። መጀመሪያ ሩሎቹን ሙሉ።

ሩሎቹ ቁጥር አላቸው። ከትንሹ ቁጥር ጀምሮ ይታያል፣ የመጀመሪያው የገጠመው ይወስናል፣ ከዚያ በታች ያለው አይታይም። 100፣ 110፣ 120 እያላችሁ ክፍተት እየተዋችሁ ቁጠሩ፣ መሀል ላይ ማስገባት የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል።

ለዳታቤዙ ሰብኔቶች የምጽፈው ይሄን ነው፦

መግቢያ 100፦ ቲሲፒ 5432፣ ከ10.20.16.0/20፣ ፍቀድ።
መውጫ 100፦ ቲሲፒ ከ1024 እስከ 65535፣ ወደ 10.20.16.0/20፣ ፍቀድ።
የቀረው፦ በራሱ ይከለከላል።

መውጫውን በደንብ እዩት። 5432 አይደለም። አፑ ወደ ዳታቤዙ ሲደውል መድረሻው 5432 ነው፣ የራሱ መነሻ ፖርት ግን በዘፈቀደ የሚመረጥ ጊዜያዊ ፖርት ነው፣ ኢፌመራል የሚሉት። ሊኑክስ እነዚህን ካልተቀየረ በስተቀር ከ32768 እስከ 60999 ካለው ይመርጣል። ዊንዶውስ ከ49152 እስከ 65535። የዳታቤዙ መልስ የሚሄደው ወደዚያ ጊዜያዊ ፖርት ነው። ኤሲኤል ቅድም ማን እንደገባ ስለማያስታውስ መልሱም የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። መውጫው ላይ 5432 ብቻ የጻፈ ሰው ጥያቄው ገብቶ መልሱ በር ላይ ይቀርበታል። ከአፑ በኩል ሲታይ ታይምአውት ነው፣ ዳታቤዙ ላይ ደግሞ ምንም ስህተት የለም። ይሄ ነው የሰውን ግማሽ ቀን የሚበላው።

ሁለት ዳታቤዝ ሰብኔት ካላችሁና ራሳችሁ የጫናችሁት ፖስትግሬስ በአንዱ ዋና፣ በሌላው ሪፕሊካ (ቅጂ) ሆኖ የሚሠራ ከሆነ፣ በመግቢያም በመውጫም ቁጥር 110 ላይ ከ1024 እስከ 65535 ለ10.20.32.0/20 ጨምሩ። በአንድ ሰብኔት ውስጥ ያሉ ሰርቨሮች እርስ በእርስ ሲያወሩ ግን ኤሲኤል አያያቸውም፣ እሱ ያለው ጠርዝ ላይ ነው። ሴኩሪቲ ግሩፑም ላይ የዳታቤዝ ግሩፕ ከራሱ 5432 እንዲቀበልና ወደ ራሱ በ5432 እንዲወጣ ማድረግ እንዳይረሳ። ዳታቤዙን ራሳችሁ ከጫናችሁት አፕዴትም ማግኘት አለበት፣ ለዚያ መውጫ መክፈት ግድ ነው፣ ዝርዝሩም ይረዝማል። እንዲህ ከመሆን በአማዞን የሚተዳደረውን አርዲኤስ መውሰድ ይቀላል። «ፐብሊክሊ አክሰሲብል» የሚለውን ምርጫ «ኖ» ማድረግ ብቻ አትርሱ።

ፐብሊኩና የአፑ ሰብኔቶችስ? አብሮ የመጣውን ኤሲኤል ተዉት። አንድ ለየት ያለ ጥቅም አለው፦ ሴኩሪቲ ግሩፕ ከልክል የማይለውን እሱ ይላል። አንድ አድራሻ እያስቸገረ ከሆነ በፐብሊኩ ሰብኔት ኤሲኤል ላይ በቁጥር 50 «ከዚህ አይፒ፣ ከልክል» ብትሉ ከ100ው በፊት ይይዘዋል። ይሄን በአፑ ሰብኔት ላይ ብታደርጉት አይሠራም። እዚያ ሲደርስ መነሻው የሎድ ባላንሰሩ አድራሻ ሆኗል።

የሩል ብዛትም ገደብ አለው። ካላስጨመራችሁ ኤሲኤል በየአቅጣጫው 20 ነው። በ/20 ክልል አስቀድመን ያደራጀነው እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመን።

ኤስኤስኤች እና የእኛ ኢንተርኔት

አሁን የሁላችንም ችግር። ሰርቨሩ ውስጥ ከርቀት በኤስኤስኤች (ፖርቱ 22 ነው) መግባት አለባችሁ፣ መመሪያው ሁሉ «22ን ለራስህ አይፒ ብቻ ክፈት» ይላል። የትኛው አይፒ? መብራት ሲጠፋ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ትሄዳላችሁ፣ አድራሻው ተቀየረ። መብራት መጥቶ ራውተሩ ሲነሳ እንደገና ተቀየረ። የሞባይሉ አድራሻ ደግሞ ከስንት ሰው ጋር በጋራ የምትጠቀሙት ነው፤ እሱን መፍቀድ እነሱንም መፍቀድ ነው። እንዲህ ሁለት ቀን ከተንገላታ በኋላ ሰው «ለጊዜው» ብሎ 0.0.0.0/0 ይጽፋል። ያ ለጊዜው ዓመት ይሞላዋል።

22ን ከናካቴው አትክፈቱት። ኤደብሊውኤስ ላይ ሴሽን ማኔጀር የሚባል አለ፣ የሲስተምስ ማኔጀር አካል ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለው ኤጀንት ራሱ በ443 ወደ ውጭ ይደውላል፣ እናንተ በአካውንታችሁ በኩል ትገናኙታላችሁ። አንድም የመግቢያ ፖርት አይከፈትም። ኤጀንቱ በአማዞን ሊኑክስና በኡቡንቱ ኢሜጆች ላይ ተጭኖ ይመጣል። የሚቀራችሁ ለሰርቨሩ የሲስተምስ ማኔጀር ፈቃድ ያለው የአይኤኤም ሮል (የኤደብሊውኤስ የፈቃድ መለያ) መስጠት ነው። ዳታቤዙን ከላፕቶፓችሁ ማየት ከፈለጋችሁም በዚሁ በኩል በአፕ ሰርቨሩ አሳልፎ ፖርት ፎርዋርድ ያደርጋል። አይፒያችሁ አሥር ጊዜ ቢቀያየር ግድ የለውም። ያ አካውንት ግን ኤምኤፍኤ (ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ) ከሌለው በሩን ዘግቶ ቁልፉ የት እንዳለ ከመናገር አይሻልም።

ጉግል ክላውድ ላይ ተመሳሳዩ አይኤፒ (አይደንቲቲ-አዌር ፕሮክሲ) ነው። እዚያ 22ን ከ35.235.240.0/20 ብቻ ትፈቅዳላችሁ፣ እሱ የጉግል የራሱ ክልል ነው። የማይክሮሶፍቱ አዙር ላይ ባስቲዮን አለ።

መሞከር

የሚከፈተው መከፈቱን ብቻ ሳይሆን የሚዘጋው መዘጋቱንም ሞክሩ። ሁለተኛውን የሚሞክር ሰው ጥቂት ነው።

ከአፕ ሰርቨሩ ላይ በኔትካት (ፖርት ክፍት መሆኑን በሚሞክር ትእዛዝ) የዳታቤዙን ፕራይቬት አድራሻ በ5432 ጥሩ። መጠበቂያውን ሦስት ሰከንድ አድርጉት። መግባት አለበት። ከዚያ ፐብሊኩ ሰብኔት ውስጥ ትንሽ የሙከራ ሰርቨር አስነሱና ያንኑ ሞክሩ። ዝም ብሎ ቆይቶ ታይምአውት ማለት አለበት። ከገባ አንድ ቦታ ያልዘጋችሁት አለ።

የስህተቱን ዓይነት ማንበብ ልመዱ። ታይምአውት ማለት ባብዛኛው ፓኬቱን መሀል ላይ አንድ ማጣሪያ ውጦታል፣ ወይም መንገድ የለም። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ማለት ግን ባብዛኛው ፓኬቱ ሰርቨሩ ጋ ደርሷል፣ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ የለም ማለት ነው። ሁለተኛውን ስታዩ ሴኩሪቲ ግሩፕ መነካካት አቁሙ፤ ፖስትግሬሱ መነሳቱን፣ ከ127.0.0.1 (ከራሱ ሰርቨር) ውጭ ማዳመጡን እዩ። በፒንግ ብቻ አትፍረዱ። አይሲኤምፒን (ፒንግ የሚሄድበትን ፕሮቶኮል) ካልፈቀዳችሁ ፒንግ እምቢ ብሎ 5432 ሊሠራ ይችላል።

ግንኙነቱ ካልገባ ፍሎው ሎግ (የትራፊክ መዝገብ) አብሩ። የዳታቤዙ የኔትወርክ ካርድ ላይ ከ10.20.16 ወደ 5432 የሚሄድ መስመር ፈልጉ። የገባው «አክሰፕት»፣ የመልሱ «ሪጀክት» ከሆነ ነገሩ የኤሲኤሉ መውጫ ነው፣ ከላይ ያልኳችሁ። የገባው ራሱ «ሪጀክት» ከሆነ የሴኩሪቲ ግሩፕ ወይም የኤሲኤል መግቢያ ነው። ምንም መስመር ከሌለ ፓኬቱ እዚያ አልደረሰም፣ ወደ አፑ መውጫ ተመለሱ። ሎጉ የሚጠራቀምበትን ጊዜ ከ10 ደቂቃ ወደ 1 ደቂቃ አውርዱት፣ አለበለዚያ እያንዳንዱ ሙከራ ሻይ ያስጠጣችኋል። ሲጨርሱ ማጥፋት ወይም ማሳነስ ነው፤ ሴኩሪቲ ግሩፕና ኤሲኤል ነፃ ናቸው፣ ሎግ ግን በዶላር ይከፈልበታል።

አሁን የሚያታልለው ነገር። አንድ ሩል ከሴኩሪቲ ግሩፕ ብትሰርዙ ቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት ወዲያው ላይቋረጥ ይችላል፣ ግሩፑ ያስታውሰዋላ። አፖቻችን ደግሞ ከዳታቤዝ ጋር የተከፈተ ግንኙነት ይዘው ነው የሚውሉት። ስለዚህ «አጥብቤ ዘግቼ ሲስተሙ ይሠራል፣ እሰየው» ብላችሁ ቤት ትገባላችሁ፣ ጠዋት አፑ ሪስታርት ሲያደርግ አዲስ ግንኙነት መክፈት ያቅተውና ነጋዴው ስልክ ይደውላል። ሩል ከቀየራችሁ በኋላ አንዱን የአፕ ሰርቨር ራሳችሁ ሪስታርት አድርጉት። ኤሲኤል በዚህ በኩል ቀጥተኛ ነው፣ እንደቀየራችሁት ይቆርጣል።

መቼ ይሠራ? ብዙዎች እኩለ ሌሊት ይላሉ። እኔ አልስማማም። ድሬ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቅ ይዘጋል፣ ከተማው በርጫ ላይ ነው፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ እምብዛም የለም። የሥራ ባልደረባም ነቅቶ ስልክ ያነሳል። አዲሱን ሩል መጀመሪያ ጨምሩ፣ ሞክሩ፣ ከዚያ ሰፊውን አሮጌ ሩል አውጡ። ተቃራኒውን አታድርጉ።

አዙር ወይም ጉግል ላይ ከሆናችሁ

ሐሳቡ ያው ነው፣ ብልሃቱ ይለያያል። አዙር ላይ ኤንኤስጂ (የአዙር ሴኩሪቲ ግሩፕ) ሰብኔት ላይም ካርድ ላይም ይለጠፋል፣ ስቴትፉል ነው፣ ስለዚህ የጊዜያዊ ፖርት ጣጣ የለም። ግን በቁጥር 65000 ላይ አብሮት የሚመጣ ሩል በቪኔት (የአዙር ቪፒሲ) ውስጥ ያለ ሁሉ እንዲተላለፍ ይፈቅዳል። ሊሰረዝ አይችልም። እናንተ መጻፍ የምትችሉት ከ100 እስከ 4096 ነው፣ ስለዚህ በ4000 አካባቢ «ከቪኔት፣ ሁሉንም ከልክል» አስገቡና የሚፈቀዱትን ከእሱ ባነሰ ቁጥር ጻፉ። ይሄ ካልገባ ሰብኔቶቹ እንደተከፈቱ ናቸው። ግሩፕን በስም የመጥራቱን ሥራ እዚያ አፕሊኬሽን ሴኩሪቲ ግሩፕ ይሠራዋል።

ጉግል ላይ ፋየርዎሉ የሚጻፈው በሰብኔት ሳይሆን በቪፒሲው ደረጃ ነው፣ ለማን እንደሚሠራ በታግ (ሰርቨሩ ላይ በሚለጠፍ ምልክት) ወይም በሰርቪስ አካውንት (ሰርቨሩ በሚሠራበት መለያ) ትለያላችሁ። ሰርቪስ አካውንቱን ምረጡ፤ ሰርቨሩን ማስተካከል የሚችል ሰው ሁሉ ታጉንም መቀየር ይችላል። አብሮ በሚመጣው «ዲፎልት» ኔትወርክ ላይ የውስጥ ትራፊክን በሙሉ የሚፈቅድ ሩል አለ። ወይ እሱን ሰርዙ፣ ወይ ያንን ኔትወርክ ጨርሶ አትጠቀሙ።

የሙከራው ሲስተም

የሙከራ ሰርቨሮችን እዚያው ቪፒሲ ውስጥ አታስገቡ። ሰብኔት ለይተን እንጠብቀዋለን የሚለው ሰው ልማዱ ስለሚያሸንፈው አንድ ቀን የአፕ ግሩፑን ሙከራው ላይ ይለጥፈዋል፣ ሙከራው የእውነቱን ዳታቤዝ ያገኛል። ሌላ ቪፒሲ፣ ቢቻል ሌላ አካውንት። ሁለት ቪፒሲ በፒሪንግ (ቀጥታ በማገናኘት) ወይም በሌላ መንገድ ካልተገናኙ በስተቀር በፕራይቬት አድራሻ መንገድ የላቸውም።

ሰርቨሩ ራሱ ላይ ዩኤፍደብሊው (የኡቡንቱ ፋየርዎል) ያበራችሁ ካላችሁ ጥሩ፣ ግን ዶከር ካለበት አትመኩበት። ዶከር በ«ፐብሊሽ» የከፈተው ፖርት ዩኤፍደብሊውን ሳይጠይቅ በአይፒቴብልስ (በሊኑክስ ማጣሪያ) በኩል ይከፈታል። የሬዲስን (በሜሞሪ ላይ የሚሠራ ዳታቤዝ) ፖርት 6379ን እንዲህ ከፍታችሁ ሳታውቁት ልትቀመጡ ትችላላችሁ። የሚያድናችሁ የሴኩሪቲ ግሩፑ ነው።

ቪፒሲው ላይ አይፒቪ6 (አዲሱን የአይፒ አድራሻ ዓይነት) ካበራችሁ ደግሞ ለ0.0.0.0/0 የጻፋችሁት ሁሉ እሱን አይመለከተውም፣ የራሱ ::/0 መስመር አለው። ሁለቱንም ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። በየሩሉ ላይ ያለችውን የማብራሪያ ሳጥንም ባዶ አትተዉ፤ ወረቀቱ ላይ «ለምን» ያላችሁትን እዚያው ገልብጡት። ከስድስት ወር በኋላ ፖርት 9200 ለምን እንደተከፈተ የሚያስታውስ ሰው ቢሮው ውስጥ ላይኖር ይችላል።